ከጅዳ ያልመጣ አባት

ዐቂል ጅዳን አያውቃትም። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ሩቅ ሄደ ቢባል ሚሌ ድረስ ነው፣ እሱንም በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ እያንቀላፋ። እንዲህም ሆኖ በዚያ ሰሞን ጠዋት ማታ የሚያጠናው ጅዳን ነበር። አስተማሪው ደሳለው ነው። ደሳለው ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቶ፣ ያለ ወረቀት ተይዞ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ የተመለሰ ሰው ነው። አሁን ሁለቱም ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ቤት የመኪና ጎማ ይፈታሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ይነፋሉ።

«ባሕሩ ዳር ያለው መናፈሻ ምን ይባላል?» ይለዋል ደሳለው፣ ክሪኩን ከመኪናው ሥር እየገፋ።

«ኮርኒሽ።»

«ምን ምን ይሸታል?»

«ዓሣ ዓሣ።»

«ዓሣ ካልክማ የሄድከው ባሕር ዳር ነው። እርጥብ ሙቀት ነው በል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይለጠፍ ነበር በል። ኧረ አንተ ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስተምሬህ!»

ዐቂል ይስቃል፤ ሳቁ ግን ወዲያው ይቆረጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ እጁ እስከ ክርኑ በግሪስ የጠቆረ ሰው፣ ያልሄደበትን አገር እንደ ፈተና የሚያጠናው ወዶ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጁ አፍናን አባቷ ጅዳ እንደነበረ ተነግሯታል። ቅዳሜ ከአራት ዓመት በኋላ ሊያያት ነው።

እውነቱን ደሴ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከእሷ በቀር። ዐቂል የሐጂ ባሽር አማች ነበር። ሐጂ ባሽር አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እሳቸው ደግሞ ሱቁን መጋዘን ያደረጉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ዐቂል ትልቋን ልጃቸውን ዐሊማን ካገባ በኋላ በአይሱዙያቸው ላይ ጭነት እያጀበ ይመላለስ ጀመር። ሹፌሩ አራጋው የሚባል የቦሩ ሜዳ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ሙንዚር ለሽርሽር አብሯቸው ወጣ፤ ደጋን ሳይደርሱ «ትንሽ ልንዳ» ብሎ አራጋውን ለመነ። አራጋው የአለቃውን ልጅ እምቢ ማለት አልቻለም። ደጋን ሲገቡ አንዲት ሴት መንገድ ስታቋርጥ ሙንዚር ገጫት። ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች።

በማግስቱ ሐጂ ባሽር ዐቂልን ከሱቁ ጀርባ ጠሩት። «ሙንዚር መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ሕይወቱ ተበላሸ ማለት ነው» አሉት። «አራጋው ሹፌር ነው። ሹፌር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ ቶሎ ይወጣል። ቤተሰቡን እኔ እይዛለሁ። አንተ የኔ ልጅ ነህ።» ይቺ «የኔ ልጅ» የምትለው ቃል ናት የበላችው። አባቱ በልጅነቱ የሞተበት ሰው ነበርና፣ እንዲህ ብሎ የጠራው ሽማግሌ ከዚያ በፊት አልነበረም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ቁርአን ላይ እጁን ጭኖ፣ ወላሂ ብሎ፣ መሪውን የያዘው አራጋው ነው አለ።

አራጋው ሰባት ወር ታሰረ። በሰባተኛው ወር የአንድ ነዳጅ ማደያ ካሜራ ሙንዚር ከመሪው ፊት ሲቀመጥ የሚያሳይ ምስል ተገኘ። ሙንዚር ይኼኔ ጅዳ ገብቷል፤ እውነተኛው ጅዳ የነበረው እሱ ነው። አራጋው ተፈታ፤ እናቱ ግን እሱ እስር ቤት እያለ ሞተው፣ ሳይቀብራቸው ቀርቷል። ዐቂል «ማን መስክር አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ማንም» አለ። የልጄ አያት ናቸው ብሎ። ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ አራቱን ጨርሶ በአመክሮ ወጣ።

መጀመሪያ ሰሞን ከሐጂ ቤት ስንቅ ይመጣለት ነበር። ከዚያ ቀረ። ከዚያ ዐሊማ ፍቺ ጠየቀች፤ እሱም አልተከራከረም። ከዚያ አንድ ቀን የዐሊማ ታናሽ እህት ፈትሂያ ልትጠይቀው መጥታ፣ አንገቷን ደፍታ «አፍናን አባቴ የት ነው እያለች አስቸገረች። ጅዳ ነው ልንላት ነው» አለችው። ወሎ ውስጥ አባቱ ጅዳ ወይ ሪያድ የሆነ ልጅ በየቤቱ አለ፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ዐቂል አሰበና «በሏት» አለ። እዚያው ደሴ፣ ከቤታቸው በባጃጅ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ታስሮ፣ እሱም እነሱም አንድ አዛን እየሰሙ፣ ራሱን በገዛ ቃሉ ባሕር አሻገረ። ሙንዚር ከጅዳ ጫማና አሻንጉሊት በላከ ቁጥር «አባትሽ ላከልሽ» ትባል ጀመር።

ከእስር የወጣ ቀን መጀመሪያ የሄደው ቦሩ ሜዳ ነው። አራጋው ሹፌርነቱን ትቶ ያርሳል። ዐቂል እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዞ አቆመው። «እግዜር ይቅር ይበልህ» አለው። «እኔ ገና ነኝ።» ዐቂል ያን ቀን ለራሱ ቃል ገባ፤ በውሸትም ይሁን በእውነት፣ ከእንግዲህ ወላሂ የምትል ቃል ከአፉ ላትወጣ። ወሎ ላይ ወላሂ ሳይሉ መዋል ቀላል አይደለም። ቲማቲም ሻጩ ወላሂ ይላል፣ የታክሲው ረዳት ወላሂ ይላል። ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ «ይኸ ሰውዬ ሃይማኖት ቀየረ እንዴ?» እያሉ ያሙት ነበር።

ልጁን እየሄደ የመጠየቅ መብት እንዲሰጠው ያመለከተው ሁለቱም ወገኖች በተስማሙበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። የሐጂ ጠበቃ የድሮውን የፍርድ ግልባጭ አቅርቦ «ቁርአን ጨብጦ የዋሸ ሰው ቃሉ በምን ይታመናል?» አለ። ቃዲው ግልባጩን አገላብጠው አዩና «ሊመሰክር አልመጣም። ልጁን ሊያይ ነው የመጣው» አሉ። ዐቂል ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ቃዲው ለሽምግልና መሯቸው፤ ሽማግሌዎቹም አስማምተው ወረቀት ጻፉ። በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ደሴ ሸዋ በር ሰፈር ፈትሂያ ቤት፣ ፈትሂያ ባለችበት። አባት ስለ ጥፋቱም ሆነ ስለ እስሩ ለሕፃኗ ላይናገር፤ ቢናገር መብቱ ሊቋረጥ።

የጅዳው ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሐጂ ባሽር ናቸው በር ላይ በቃል የነገሩት። «ከጅዳ እንደመጣህ ታውቃለች። እንደዚያው ይሁን።» እዚያች ላይ አይሆንም ማለት ነበረበት። ግን አራት ዓመት ሙሉ በሕልሙ ያያት ልጅ ከአንዲት ፊርማ ወዲያ ቆማለች፤ ሰው ነው። ፈረመ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ደሳለው ከጅዳ ያመጣውን ነጭ ጀለቢያ አዋሰው፤ ሽቶም ረጨበት። ዐቂል አንድ ካርቶን ተምር ይዞ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ሲወጣ፣ አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት «ሐጅ ነው ወይስ ዑምራ?» ብለው ጠየቁት። «ቤተሰብ ጥየቃ ነው እናቴ» ብሎ በመስኮት አፈጠጠ።

አፍናን ከአክስቷ ጀርባ ቆማ ጠበቀችው። ሲለያት አራት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያች ልጅ የቀረው ቅንድቧ ብቻ ነው። እጇን ዘረጋችና «እንኳን በሰላም መጣህ» አለችው፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ተቀመጡ። ስለ ባሕሩ ጠየቀችው፤ ያጠናውን መለሰ። ስለ ሙቀቱ ጠየቀችው፤ የሸሚዙን ነገር አልረሳም። ቀጥላ ግን ደሳለው ያላስተማረውን አመጣች።

«አውሮፕላኑ ላይ መስኮት ጋ ነው የተቀመጥከው?»

«አዎ፣ መስኮት ጋ።»

«ደመና ከላይ ሲታይ ምን ይመስላል?»

ዐቂል ጥቂት ተጨነቀና «ሐረጎ ላይ ጉም ሲተኛ አይተሻል? እሱን ጫፉ ላይ ቆመሽ ቁልቁል እንደማየት ነው» አላት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አሰበችው፤ ከዚያም ሳቀች። ፈትሂያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሁለተኛው ቅዳሜ አቅፋው የምታድረውን አሻንጉሊት ይዛ መጥታ «አቢ፣ ስለላክልኝ ሹክረን» አለችው። ሙንዚር በላከው ዐቂል ተመሰገነ፤ ምስጋናውንም ዋጠው። በሦስተኛው ትከሻው ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እስክትነቃ ድረስ ክንዱ ቢደነዝዝም አላነሳውም፤ ዝንብ እንኳ እንዳያርፍባት በሌላው እጁ ይከላከል ነበር። ያን ቀን ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ውሸትም ቢሆን እንዲህ ትከሻዬ ላይ እየተኛች ብታድግ ምን አለበት ብሎ አሰበ። ፍርሃት ተቀላቀለበት እንጂ ደስታስ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ አፍናን ተምሩን አልነካችም።

«አቢ» አለች፣ «ጅዳ ነበርክ አይደል?»

«ምን ተባልሽ የኔ እናት?»

«ሳምሪ ናት። ከኔ ጋር ነው ቁርአን የምትቀራው። አጎቷ ካንተ ጋር እስር ቤት እንደነበረ ነገራት። ውሸትሽን ነው አልኳት። አባትሽን ወላሂ በል በይው አለችኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ወላሂ በል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም ትላለች።»

ፈትሂያ ከወጥ ቤቱ በር ላይ «አንቺ ልጅ፣ አባት እንዲህ አይባልም» አለች። ከዚያ ዐቂልን አየችው፤ ዓይኗ ግን ልጅቷን እንደቆጣችው አልነበረም፤ ይለምነዋል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በላት፤ አላህ ልብህን ያውቃል» አለችው።

ቀላል ነበር። ሦስት ፊደል ብትሆን ነው። ብሏት ቢሆን ልጅቷ ተመልሳ ትከሻው ላይ ትተኛለች፣ ሳምሪም ትረታለች፣ በወር ሁለት ቅዳሜውም ይቀጥላል። ዐቂል አፉን ከፈተ። አራጋው ታወሰው፤ ቦሩ ሜዳ የሚያርሰው አራጋው ሳይሆን፣ በካቴና ታስሮ ከችሎቱ ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው አራጋው። ያኔም ቀላል ነው ብሎ ነበር። ደግሞ ይቺ ልጁ ናት፤ ለሰው የዋሸው አንሶ፣ በልጁ ራስ ላይ ሊምል ነው።

«አልልም የኔ እናት» አላት።

«ለምን?»

«ጅዳ አልነበርኩማ።»

ፈትሂያ በሩ ጋ ተቀመጠች። አፍናን ግን አላለቀሰችም።

«የት ነበርክ?»

«እዚሁ ደሴ። ታስሬ።»

«እዚህ ደሴ?» ትንሽ አሰበች። «በባጃጅ ይደረሳል?»

«ይደረሳል።»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ አላስጠራኸኝም?»

ዐቂል ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። ለምን ታሰርክ ትለኛለች ብሎ ነበር የፈራው። ጅዳ ያለ አባት አለመምጣቱ ጥፋት አይደለም፤ ባሕር አለ፣ ሥራ አለ፣ ፓስፖርት አለ። አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ሆኖ ያላስጠራ አባት ግን ምን ይላል? «እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው» አላት። ሲለው ለራሱም እውነት አልመሰለውም፤ ያፈረው እሱ ነው።

«ምን አጥፍተህ ነው የታሰርከው?»

«ወላሂ ብዬ ዋሽቼ።»

እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣች። «ባሕሩስ? ኮርኒሹስ?»

«አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው የነገረኝ።»

«ደመናውስ?»

«ደመናው የሐረጎ ነው። እሱን አይቼዋለሁ።»

አፍናን ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ዘጋችው። ስምንት ሰዓት ሊሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀረው ነበር። ዐቂል ከተቀመጠበት አልተነሣም። እስከ ስምንት ሰዓት የተሰጠው ጊዜ ነው፤ ከበሩ ወዲያ እያለች ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ስምንት ሲሞላ ፈትሂያ እስከ ደጅ ሸኘችውና «እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ምንም አልሰማሁም። ለሚጠይቀኝ የምለው ይኸንኑ ነው» አለችው።

ነገሩ ግን አላደረም። አፍናን ለአያቷ ነገረች፤ አያቷ ለጠበቃቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቃዲው ፊት ቀረቡ። ፈትሂያ እንዳለችው አለች፤ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ አልሰማሁም። ልጅቷ ደግሞ ወሬውን አስቀድማ ከጓደኛዋ መስማቷ ታውቋል። ዐቂል «ከሳምሪ ነው የሰማችው፣ እኔ የለሁበትም» ቢል የሚያስተባብለው አልነበረም። ጠበቃው ራሱ ይህን ስለፈራ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ነግረሃታል?» አሉት ቃዲው።

«ነግሬያታለሁ ሸኽ።»

«እንዳትናገር ፈርመህ አልነበረም?»

«ፈርሜ ነበር። ጅዳ እንደነበርክ ወላሂ በል አለችኝ። አልቻልኩም።»

ቃዲው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጅዳ የሚል እዚህ ወረቀት ላይ አላየሁም። ማን ነው ጅዳ ያላት?»

ሐጂ ባሽር እጃቸው ላይ ያለውን የሙስበሃ መቁጠሪያ ያዩ ነበር፤ ጣታቸው አይንቀሳቀስም። አንድ ቃል ከእሳቸው ቢወጣ ብዙ ነገር ይቀና ነበር፤ አልወጣም። ዐሊማ ናት የተነሣችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ከልጆች መሐል ቀና ብላ እንድትሄድ ብዬ ነው። እሱን ለመጉዳት አልነበረም፤ አላህ ምስክሬ ነው።» ድምፅዋ ተቆረጠና ተቀመጠች። ዐቂል አልተቆጣትም። እሱም በሏት ያለ ሰው ነው።

ቃዲው አፍናንን አስጠሯት። ጠረጴዛቸው አጠገብ አቁመው፣ ከራሳቸው ልጅ ልጅ ጋር እንደሚያወሩ ሆነው፣ «አብሽሪ፣ ማንም አይቆጣሽም» አሏት። «አባትሽ እየመጣ እንዲያይሽ ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ቀስ ብላ ብትናገርም ሁሉም ሰማት።

«ወደ ጅዳ ይመለስ» አለች።

«ጅዳ እኮ አልነበረም የኔ ልጅ። ነግሮሻል አይደል?»

«አውቃለሁ» አለች አፍናን። «ግን ይመለስ።»

ዐሊማ ሻሿን ፊቷ ላይ ያዘች። ጠበቃው እንኳ ወረቀቱን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ዐቂል ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ግሪሱ ከጥፍሩ ሥር አልለቅ ብሎት ነበር፤ ጠዋት በኦሞ አጥቦት ነው የመጣው። አንድ እውነት ተናግሮ አንድ ልጅ አጣ። ቢመለስ ያን ወላሂ ይለው እንደሆነ ራሱን ጠየቀ፤ እንደማይለው አወቀ፤ ይኸም ምንም አላጽናናውም።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ጸሐፊው የተያዘውን ቃል አነበበ። «አባት የስምምነቱን ቃል ማፍረሱን ስላመነ፣ ሕፃኗም አባቷን ማየት እንደማትፈልግ ስለገለጸች፣ የመጠየቅ መብቱ ለአንድ ዓመት ታግዷል።»

ዐቂል እጁን አወጣ። ሐጂ ባሽር ቀና አሉ፤ ይግባኝ ሊል መስሏቸው ነበር።

«ፍርዱን እቀበላለሁ ሸኽ» አለ። «ግን እንዲያ አላለችም።»

«እንዴት?»

«ወደ ጅዳ ይመለስ ነው ያለችው። እንዳለችው ይጻፍልኝ።»

ቃዲው ጥቂት አዩት። «ለውጥ አለው?»

«አለው ሸኽ። ማየት አልፈልግም ብትል ኖሮ አለቀ ነበር። ጅዳ የሄደ ሰው ግን አንድ ቀን ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል።»

ቃዲው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ለጸሐፊው «ሰርዘህ፣ ልጅቷ እንዳለችው ጻፈው» አሉት። ጸሐፊው ሰርዞ ጻፈ። ዐቂል ቃሏን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ከሥሩ ፈረመ።